ለትንሳኤ የቀለጠው ስብ

መቐለ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለአገኘሁ፣

ባለህበት ሁሉ የእመቤታችን ጥላ አይለይህ። ብርዱ እንዴት ይዞሃል? እኛ ሦስታችን፣ እኔም ልጆቼ ትንሳኤም ዓለምእሸትም፣ በቸርነቱ ቆመናል። "ሁላችንም ደህና ነን" ብዬ ልጽፍልህ ነበር፤ ከመጀመሪያው ከዋሸሁህ በኋላ እውነቱንም አታምነኝ ብዬ ተውኩት።

በስልክ ስናገር ለቅሶው ስለሚቀድመኝ በወረቀት ይሻለኛል። ዓለምእሸት ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ከስፌት ስትመለስ ፎቶ አንስታ በዋትሳፕ ትልክልሃለች።

በምርመራው ኩላሊትህ ለትንሳኤ መግጠሙን ሐኪሙ የነገረን ዕለት፣ እዚያው ሰው ሁሉ እያየ ጉልበቱን ልስም ጎንበስ ስል በትከሻዬ ያዘኝ። የእኔ ኩላሊት በደም ግፊቴ ምክንያት ለመስጠት አይሆንም ተባለ፤ የዓለምእሸት ደሟ አልገጠመም። የቀረኸን አንተ ነበርክ። ከደብረ ብርሃን እዚህ ዩኒቨርሲቲ ደርሶህ መጥተህ ከትንሳኤ ጋር አራት ዓመት በአንድ አልጋ ያሳደርኳችሁ ለዚህ ኖሯል አልኩ። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም።

ግን ውፍረትህን አልወደዱትም። መቶ ስምንት ኪሎ ሆኖ ቀዶ ጥገና ክፍል አይገባም፣ ከዘጠና በታች ይምጣ ብሏል ሐኪሙ። ደግሞ በረሃብ አይደለም፤ ስቡ ይሂድ፣ ጡንቻው ግን ይጠንክር አለ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ወፍራም ሰው ሳይ "አማረብህ፣ ተመስገን" ስል የኖርኩ ሴት ነኝ። መንገዱ ተዘግቶ በነበረባቸው ዓመታትማ በዚህ ከተማ ቦርጭ ያለው ሰው ሲያልፍ ዞረን እናየው ነበር። አሁን ስለ ቦርጭ መጥፋት ስለት ልሳል ነው።

ትንሳኤ ማክሰኞና ዐርብ ለኩላሊት እጥበት ይሄዳል። የግፊት መድኃኒት ከከተማው በጠፋ ጊዜ የጀመረው ጣጣ እንደሆነ ታውቃለህ። ማስተማሩን ግን አልተወም። ሲያስተምር ተማሪዎቹ ወንበር ያቀርቡለታል፤ እሱ ደግሞ መቀመጥ ያፍራል።

ቦርጭህን አምላክ ያቅልልህ። እንዲህ ብላ የመረቀች አክስት መቼም ከእኔ በፊት የለችም።

አክስትህ ምንትዋብ


ስቱትጋርት፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ምንትዋብ፣

ከሩቅ ሆኜ ጉልበትዎን እስማለሁ። እናቴ ከሞተች ወዲህ "ልጄ" የሚል ደብዳቤ የሚጽፍልኝ ከእርስዎ በቀር ሰው የለኝምና፣ የላኩትን ፎቶ አስፍቼ ደጋግሜ አነበብኩት።

ጂም ገብቻለሁ። አንድ ቦታ ቆሞ ለመሮጥ ሰው የሚከፍልበት አገር መሆኑን ሰምተው ከሆነ እውነት ነው። የመጀመሪያ ቀን ከማሽኑ ስወርድ ግድግዳ ይዤ ቀረሁ። አሠልጣኜ ቱርክ ነው፤ ሳቀብኝና አስቀምጦ አስረዳኝ። ዝም ብለህ ከተራብክ ሰውነትህ ቀድሞ የሚበላው ጡንቻህን ነው፣ ስቡን ለክፉ ቀን ይደብቀዋል አለኝ። ስለዚህ ብረት አንሳ፣ ፕሮቲኑን በደንብ ብላ፣ ሌላውን ከለመድከው ትንሽ ቀንስ፣ እንቅልፍህን ተኛ። ያኔ ሰውነትህ ጡንቻው ሥራ እንዳለው ያውቅና እጁን ወደ ስቡ ይዘረጋል። ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ ቀርፋፋ መንገድ ነው፣ ትዕግሥት ይፈልጋል ብሎኛል።

አክስቴ፣ የጭነት መኪና ላይ ተቀምጦ የሚውል ሰው እንዴት እንደሚወፍር ራሱም አያውቀውም። ዳቦና ቋሊማ ከመሪው ሥር እየበላሁ ስምንት ዓመት ሄደ። በሠላሳ ስድስት ዓመቴ ሴት ዞር ብላ ካየችኝ መንገድ ልትጠይቀኝ ነው።

አንድ ነገር ግን ከበደኝ። ጾመ ነቢያት ሊገባ ነው። አሠልጣኙ እንቁላል፣ ዶሮ፣ እርጎ ይለኛል። በሽሮና በምስር ብቻ ብረቱ የሚነሳ አይመስልም። ምን ላድርግ?

ለትንሳኤ ይንገሩልኝ፤ ኩላሊቱ እኔ ጋ በአደራ የተቀመጠ የራሱ ዕቃ ነው። ስቡን አራግፌ አመጣለታለሁ።

ልጅዎ አገኘሁ


መቐለ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለአገኘሁ፣

የነቢያት አምላክ ጉልበት ይስጥህ። ደብዳቤህን ለነፍስ አባታችን ለቄስ ወልደጊዮርጊስ አስነበብኳቸው። "ሕሙም ጾም የለበትም፤ ይህ ልጅ ደግሞ የሚበላው ስለ ሕሙም ነው፤ ይብላ" አሉ። ቀጥለውም፣ "ጾሙ ግን ሜዳ ላይ አይወድቅም፤ አንድ ሰው ያንሳው" አሉኝ።

እኔ አንስቼዋለሁ። የራሴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ያንተን ደግሞ ከዘጠኝ እስከ ማታ እጾማለሁ። ዐቢይ ጾምም ሲመጣ እንዲሁ ነው። አንተ እንቁላሉን ያለ ሐሳብ ብላ፤ እኔ ስለ እንቁላልህ እሰግዳለሁ። ዓለምእሸት "እማ፣ እሱ ሳይከሳ አንቺ ልታልቂ ነው" ብላ ትስቃለች። ምን ታውቃለች።

ትንሳኤም እንዳንተው ሚዛን ላይ ይወጣል። ከእጥበት በፊትና በኋላ ይመዝኑታል፤ እሱ የሚጨምረው ውኃ ነው። የሚጠጣው በልክ ስለሆነ በግንቦት ፀሐይ ጥም የያዘው ሰው ይመስል ከንፈሩን ይልሳል። ያንተ ነገር ግን ቀልቡን መልሶለታል። "አገኘሁ ስንት ገባ?" ሳይል አይተኛም።

እንግዲህ አትፈር፣ ሆድህን ፎቶ አንስተህ ላክልን።

አክስትህ ምንትዋብ


ስቱትጋርት፣ የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ፣

ጾሙ ሁለት እጥፍ ሆኖ ለገባብዎ ለእርስዎ፣ ብርታቱን ይስጥልኝ። በመዘግየቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ከሥራ ወደ ጂም፣ ከጂም ወደ አልጋ ሆነ ነገሬ።

ፎቶው ይኸውና። ዘጠና አንድ ኪሎ! ከጎን የተነሳሁትን ልብ ብለው ይዩት፤ ሆዴ የነበረበት ቦታ ባዶ ነው፣ ደረቴ ግን ወጥቷል። አሠልጣኜ "እንዳንተ ቶሎ የገባው ሰው አላየሁም፣ በተፈጥሮህ የብረት ሰው ነህ" አለኝ። በጀርባዬ በኩል ሳልወፍር በፊትም ያልነበረ ጡንቻ መጥቷል። የድሮ ሸሚዞቼን ሰጥቼ ጠበብ ያሉ ገዛሁ። ጂም በር ላይ የምትቀመጠው ልጅ ስሜን ይዛዋለች፤ ስገባ ትጠራኛለች። ቀላል ነገር ሊመስልዎ ይችላል፤ እኔ ግን በዚህ አገር በስሜ የሚጠራኝ ፖስታ ብቻ ነበር።

ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የማየው መስታወት ነው። ኃጢአት ይሆን?

ትንሳኤስ እንዴት ነው? ሰላም ይበሉልኝ።

ልጅዎ አገኘሁ


መቐለ፣ ሚያዝያ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለአገኘሁ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰህ። ሕማማቱ፣ ስግደቱ፣ ያንተም ጾም ተደርቦ፣ እጄ ብዕር አልያዘልኝም።

ፎቶህን የኪዳነ ምሕረት ማኅበር ላይ ይዤ ሄድኩ። ስልኩ ከእጅ እጅ ሲዞር ጸበል ጸዲቁ ተረሳ። አንዷ አሳነሰች፣ አንዷ አሰፋች፤ "ይሄ ያ ወፍራሙ ልጅ ነው?" አሉ። እኔማ ኮራሁ፣ ለምን እዋሻለሁ።

አሁን ያደረግሁትን ልንገርህ። ለልጄ ከሰውነቱ ቆርሶ ለሚሰጥ ሰው ምን ይመለስለታል እያልኩ ስንት ወር አሰብኩ። ወርቅ የለኝም፣ መሬት የለኝም። ብቸኝነትህን ግን ጽፈህልኛል። ቀዳማይ ወያነ ገበያ ጨርቅ የሚሸጡትን አቶ ገብረአምላክን ታስታውሳቸዋለህ? ናዝሬት የምትባለው ልጃቸው ሓወልቲ ሰፈር ፋርማሲ ትሠራለች፤ ሠላሳ ዓመቷ ነው፣ የተረጋጋች፣ ሰው አክባሪ። ቄስ ወልደጊዮርጊስንና የትንሳኤን ርዕሰ መምህር አቶ መሓሪን ሽማግሌ ላክሁባቸው።

አቶ ገብረአምላክ አገርህን፣ ዘርህን አልጠየቁም። የጠየቁት ጤናህን ነው። አቶ መሓሪ ፎቶህን አውጥተው "እስቲ ይዩት" ሲሏቸው ቤቱ በሳቅ ሞላ። እንነጋገርበት አሉ፤ የእሺ ግማሽ ነው።

ትንሳኤ ብቻ ፊቱን አጠቆረብኝ። "እማ፣ ቅደም ተከተሉን አታበላሺው። መጀመሪያ የሆስፒታሉ ነገር ይለቅ" አለኝ። ደስታ የለመደ ሰው አይደለምና ዝም በል አልኩት። ሐኪሙ ለሐምሌ አዲስ አበባ የቀዶ ጥገና ቀን ይዘንላችኋል ብሏል። ኩላሊቱን ሰጥተህ፣ አገግመህ፣ ሚስትህን ይዘህ ትመለሳለህ።

አክስትህ ምንትዋብ


ስቱትጋርት፣ ሰኔ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእናቴ ምትክ ለወይዘሮ ምንትዋብ፣

እግዚአብሔር የልብዎን ይሙላልዎ። እኔ የጠየቅሁት ጸሎት ነበር፣ እርስዎ ናዝሬትን ሰጡኝ። በየምሽቱ በቪዲዮ እናወራለን። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ያለ ፎቶ ማጣሪያ እንደዚህ መሆኔን አላምን ብላ ክንዴን እንዳሳያት ጠየቀችኝ።

ሰማንያ አምስት ገብቻለሁ። እዚህ ያለው ሐኪምም ብቁ ነህ ብሎኛል። ነገር ግን አሠልጣኜ አሁን ነው እውነተኛው ጊዜ አለ፤ ስቡ ሄዶ ጡንቻው የሚያዝበት። አሁን ተኝቼ ብነሳ የዓመት ልፋቴ በሁለት ወር ይፈርሳል። ስለዚህ ሐምሌው ወደ መስከረም ቢዞርልኝ ብዬ ነው። ትንሽ ነገር ነች።

ለናዝሬት ስለ ቀዶ ጥገናው ገና አልነገርኳትም። እርስዎም ለጊዜው ባያነሱት ይሻላል፤ እኔው በጊዜው እነግራታለሁ።

ልጅዎ አገኘሁ


መቐለ፣ ሐምሌ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአገኘሁ፣

ጤና ይስጥልኝ። ናዝሬትን ስለወደድካት ደስ ብሎኛል።

የትንሳኤ ክንድ ላይ ለእጥበት ያዘጋጁት ደም ሥር ተዘግቷል። አሁን ቱቦውን በአንገቱ በኩል አስገብተውለታል። ሸሚዙን እስከ ላይ ቆልፎ ነው ትምህርት ቤት የሚሄደው፤ በዚህ ሳምንት ግን ያንንም አልቻለም። ሐኪሙ "ሰጪው ሰው መቼ ነው የሚመጣው?" ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ጡንቻ እየያዘ ነው ልበለው? አፍሬ መንገድ ላይ ነው አልኩት።

ከዘጠና በታች ግባ ተባልክ፣ ገባህ። እኔ እንደገባኝ ስቡ የቀለጠው ለትንሳኤ ነው። ጡንቻው ለማን እንደሆነ ግን አልገባኝም።

መስከረም ካልክ መስከረም ይሁን። ቀኑን ቆርጠህ ጻፍልኝ።

አክስትህ ምንትዋብ


መቐለ፣ መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአገኘሁ፣

እንኳን ዘመን አሸጋገረህ። የሐምሌው ደብዳቤ ላይ ሁለቱ ምልክቶች ሰማያዊ ሆነዋል፤ ዓለምእሸት እንዲያ ከሆነ አንብቦታል ማለት ነው ብላኛለች። ስለዚህ ሞቷል ብዬ እንኳ መጽናናት አልቻልኩም።

ትናንት አቶ ገብረአምላክ ቤቴ መጡ። አልቀመጥም አሉ። ያወራነው በትግርኛ ነው፤ ባማርኛ ላስቀምጥልህ።

"ወይዘሮ ምንትዋብ፣ ሓቂ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ይሄ ልጅ ኩላሊቱን ሊሰጥ ነው ወይ?"

ወሬው ፋርማሲ ድረስ ደርሷል። ሊካድ የሚችል አልነበረም። "አዎ" አልኩ።

"ሽማግሌ ስትልኪ ለምን አልተነገረኝም?"

"አልዋሸሁም፤ አልተጠየቅሁም" አልኩ። ይህን ስል ራሴን ጠላሁት።

"እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። ትንሳኤ ልጆቼን አስተምሯል፣ እግዜር ይማረው። ግን ልጄን ለጎደሎ ሰው አልድርም።"

በአንድ ኩላሊት ሰው እንደሚኖር፣ ሐኪሞቹ እንዳረጋገጡት ነገርኳቸው። አዳመጡኝና "ታዲያ ፈጣሪ ስለምን ሁለት አደረገው?" አሉኝ። በሩ ላይ ቆመው፣ "ወይ ኩላሊቱን ይስጥ፣ ወይ ልጄን ያግባ። የሚመርጠው እሱ ነው" ብለው ወጡ።

አገኘሁ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ ነው። ላመሰግንህ ብዬ በገዛ እጄ በልጄና ባንተ መካከል ሰው አቆምኩ። ያጠፋሁትን አጥፍቻለሁ፤ ትንሳኤ ግን ምንም አላጠፋም። ኩላሊቱ አደራ የተቀመጠ የሱ ዕቃ ነው ያልከው አንተ ነህ፤ ቃሉ በእጅህ ተጽፎ አለኝ።

እምቢም ቢሆን ጻፍልኝ። ሌላ ሰው ለመፈለግም ቢሆን የእምቢታህ ቀን መታወቅ አለበት።

ምንትዋብ


ስቱትጋርት፣ ጥቅምት 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለክብርት አክስቴ፣ ለእናቴ ምትክ፣ በእንግድነቴ ጎርሼ ያደርኩበት ማዕድ ባለቤት ለወይዘሮ ምንትዋብ፣

ሰላመ እግዚአብሔር ከቤትዎ አይራቅ። ብዙ ጊዜ ብዕር አንስቼ ብዙ ጊዜ አስቀምጫለሁ።

ነገሩ እንዳሰብነው አልሆነም። አሠልጣኜ አንድ ኩላሊት ያለው ሰው ይህን ያህል ፕሮቲን ይዞ ይህን ያህል ክብደት እያነሳ መቀጠል አይችልም ይላል። ሥራዬም ከባድ መኪና ነው። አክስቴ፣ ይህን ሰውነት በስንት ላብ እንዳገኘሁት እርስዎ ያውቃሉ። በሕይወቴ የራሴ ነው የምለው ነገር ይኸው አንድ ነው። ሆዴን ከፍተው ጠባሳ ሲያበጁበት ሳስብ እንቅልፍ አጣለሁ። ፈሪ ይበሉኝ፣ እቀበላለሁ።

ሕንድ አገር ሌላ መንገድ አለ ይላሉ። ትንሳኤ የሚያስፈልገውን ይንገረኝ፣ ከቻልኩት አልሸሽም።

ሠርጉን ለጥር 17 አስበናል። ወላጅ የለኝምና እርስዎ በእናቴ ቦታ ቢቆሙልኝ፣ ትንሳኤም ቢችል ሚዜ ቢሆነኝ ደስታዬ ሙሉ ነው።

አንድ የመጨረሻ ነገር። አቶ ገብረአምላክ በሽማግሌ ፊት ቃል ይፈልጋሉ፤ ከዘመድ ማንም ዛሬም ወደፊትም ኩላሊት እንዳይጠይቀኝ። ቃሉን እርስዎ ቢሰጡት ይበልጥ ይታመናል ብለዋል። እኔም ከእርስዎ ሌላ ሰው አላወቅሁም።

ልጅዎ አገኘሁ


መቐለ፣ ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአገኘሁ፣

ደብዳቤህን ከእኔ በፊት ያነበበው ትንሳኤ ነው። ዓለምእሸት ሥራ ላይ ስለነበረች ስልኩ እሱ ጋ ነበር። ጨርሶ አነበበና "እማ፣ ሂጂና ቃሉን ስጪያቸው" አለኝ። ምን ነካህ አልኩት። "ኩላሊቱ የሰውየው ነው። ልጅቷንም የጠየቅሽላት አንቺ ነሽ፤ ምን አጠፋች?" አለ። አንተስ ስለው ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሲሆነው እንዲህ ጀርባውን የሰጠኝ ቀን አላስታውስም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሄድኩ። ቄስ ወልደጊዮርጊስ መስቀላቸውን ይዘው ቆመው ነበር፤ ዓይኔን ማየት አልቻሉም። ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። አቶ ገብረአምላክ ቃሉን ራሳቸው አሰናድተውት ስለነበር እኔ የደገምኩት ብቻ ነው። "እኔ ምንትዋብ፣ ለልጄ ለትንሳኤ ሕይወት ብዬ ከአገኘሁ አካል አንዳች አልጠይቅም። ብጠይቅ መስቀሉ ይፍረድብኝ" አልኩ። ከወዲያኛው ክፍል ሴቶቹ የጋብቻው ነገር ማለቁን ሰምተው እልል አሉ። የቀረበልኝንም በላሁ። እምቢ ብል በሰው ደስታ ቀናች ይሉኛል ብዬ፣ ሳላስተርፍ በላሁ።

ናዝሬት ጉልበቴን ይዛ ብዙ አለቀሰች። እሷን አልቀየምኳትም። አባቷንም ቢሆን፤ እሳቸውስ ለልጃቸው ነው የቆሙት፣ እኔ ለልጄ መቆም አቃተኝ እንጂ። የተቀየምኩት አንተን ነው። ለሚሞት ወንድምህ ብለህ ያማረ ሰው ሆንክ፤ ካማርክ በኋላ ወንድምህ መልክህን የሚያበላሽብህ መሰለህ። ያንን ቦርጫም ልጅ ብመርጠው ይሻለኝ ነበር፤ እሱ ፈሪ አልነበረም።

ልረግምህ አፌን ከፍቼ ነበር። የእህቴ መቃብር ትዝ አለኝና ዋጥኩት።

ሕንድ የምትለውን ተወው። ሐኪሙም በዚህ አቅሙ መንገድ አይችልም ብሏል።

ትንሳኤ ሚዜ አይሆንህም። እግሩ አብጦ ጫማ አይገባለትም፤ በነጠላ ጫማ ደግሞ ሚዜ አይኮንም። እኔ ግን በእናትህ ቦታ እቆማለሁ። ቃል ሰጥቻለሁ፣ እፈጽማለሁ። አየር ማረፊያም የምቀበልህ እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ ሊያይህ ስለሚመጣ ያንን ጠባብ ሸሚዝህን ልበስ። በጉዞው ራስህን ጠብቅ፣ ብርድ እንዳይመታህ፣ እንዳትወድቅ፤ አንድም ነገር እንዳይጎድልብህ። ሁለቱንም ኩላሊትህን ይዘህ በሰላም ግባ።

የትንሳኤ እናት ምንትዋብ